ብቻቸውን የተሰደዱ ሕፃናት በአዲስ አበባ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በአራዳና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በለገሀር ዙሪያ ለሚኖሩና ለሚሠሩ አከራዮች፣ መምህራን፣ የወረዳ ሠራተኞችና ጎረቤቶች የተዘጋጀ ነው። ከጎረቤት አገር ያለ እናትና አባት የመጣ ልጅ በግቢያቸው ወይም በክፍላቸው ሲያገኙ ምን ማድረግ እንዳለባቸውና መንግሥት ምን እንዲያደርግ ሕጉ እንደሚያስገድደው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ይመልሳል። መልሶቹ አጠቃላይ መረጃ በመሆናቸው የጠበቃን ምክር አይተኩም።

እዚህ ላይ የሚነገረው ስለ የትኞቹ ሕፃናት ነው?

ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ፣ ኢትዮጵያዊ ስላልሆኑና ጥገኝነት ስለሚጠይቁ ሕፃናት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ከእናትና ከአባታቸውም ሆነ ከማንኛውም ዘመድ ተለይተው፣ በሕግም ሆነ በልማድ የሚንከባከባቸው አዋቂ ሳይኖር ብቻቸውን የመጡ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ከወላጆቻቸው ቢለዩም አክስት፣ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም አብሯቸው የመጣ ነው። ልዩነቱ በምዝገባ ጊዜ ዋጋ አለው፤ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከ19 ዓመት የአጎቱ ልጅ ጋር ሲቀርብ መዝጋቢው «ከቤተሰብ ጋር» ብሎ ከጻፈ፣ ያ ልጅ ሊደረግለት የሚገባው ክትትል በዚያች አንዲት መስመር ሊቀርበት ይችላልና። አብሮት ያለው ሰው በእርግጥ ዘመዱ መሆኑና ልጁን ለመንከባከብ ፈቃዱም አቅሙም ያለው መሆኑ በቅድሚያ መጣራት አለበት።

ከሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ከጅቡቲ ብቻቸውን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በዜግነታቸው የሚስተናገዱ እንጂ ጥገኝነት ጠያቂዎች ስላልሆኑ በዚህ ጽሑፍ አልተካተቱም።

የሚጠብቃቸው ሕግ የትኛው ነው?

ዋናው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሲሠራበት የቆየውን አዋጅ ቁጥር 409/1996 ተክቷል። ከአዋጁ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት ሲደነግግ ማንኛውም ሕፃን በወላጆቹ ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ባላቸው ሰዎች እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ያስቀምጣል፤ መንግሥታዊ ተቋማት፣ ፍርድ ቤቶችና የአስተዳደር ባለሥልጣኖች ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብም ያዛል። አንቀጹ «ማንኛውም ሕፃን» ሲል ኢትዮጵያዊውን ከውጭ ዜጋው አልለየም።

አንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል። የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ኢትዮጵያ የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበር፤ የስምምነቱ አንቀጽ 22 ጥገኝነት የሚጠይቅ ሕፃን ብቻውንም ይምጣ ከሰው ጋር ተገቢውን ጥበቃና እርዳታ እንዲያገኝ፣ ወላጆቹም እንዲፈለጉለት ያስገድዳል። የአፍሪካ ሰነዶችስ እዚሁ ከተማ የተወለዱ ናቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ በሐምሌ 1982 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጸድቀዋል፤ የቻርተሩ አንቀጽ 23 የሚናገረው ስለ ስደተኛ ሕፃናት ነው። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ «ይህ የፈረንጅ ሕግ ነው» ቢልዎት መልሱ «ከእርስዎ ቢሮ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ የተፈረመ ነው» የሚል ነው።

በሰፈሬ ብቻውን የመጣ ልጅ ባገኝ መጀመሪያ ወዴት ልሂድ?

ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ስደተኞችን የመመዝገብና ጥገኝነት የመስጠት ሥልጣን ግን የፌዴራል መንግሥቱ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ነው፤ ቀድሞ ብዙ ሰው «አራ» በሚል አጠራር የሚያውቀው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ወረዳው ልጁን ወደዚያ እንዲያገናኝ ይጠይቁ። ከዚሁ ጎን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ተራድኦ ኮሚሽንና የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት በከተማ ለሚኖሩ ስደተኞች ድጋፍ ሲሰጡ የቆዩ ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ በብርቱ መነገር አለበት። ልጁ የመጣበትን አገር ኤምባሲ ደውሎ «ልጃችሁ እዚህ አለ» ማለት ቅን ሐሳብ ቢመስልም፣ ልጁ የሸሸው ከዚያው መንግሥት ከሆነ ልጁንም በአገር ቤት የቀሩ ወላጆቹንም አደጋ ላይ ይጥላል። ፎቶውንና ታሪኩን በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም መለጠፍም እንዲሁ ነው።

ማመልከቻው እንዴት ይቀርባል? ልጅ ብቻውን ማመልከት ይችላል?

ይችላል። አዋጁ ጥገኝነት የሚፈልግ ሰው ወደ አገር በገባ በ30 ቀናት ውስጥ በአቅራቢያው ላለው የአገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት፣ ያ ከሌለ ለፖሊስ ጣቢያ እንዲያመለክት ያዛል። ብቻውን የመጣ ሕፃን ይህን ቀነ ገደብ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ እምብዛም ስለሌለ፣ ቀኑ አልፎ ከሆነ የዘገየበትን ምክንያት ከልጁ ጋር ሆኖ በጽሑፍ ማስረዳት ተገቢ ነው። ልጁ በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማቋረጡ ብቻውን ጥገኝነት ሊያስከለክለው አይገባም።

ቃለ መጠይቁ ልጁ በሚችለው ቋንቋ መሆን አለበት። በአዲስ አበባ ያሉት ስደተኛ ሕፃናት ትግርኛ፣ ዓረብኛ፣ ሶማሊኛ፣ ኑዌርኛና ሌሎችንም ቋንቋዎች ይናገራሉ፤ አማርኛን ከሠፈር ልጆች የለመደ ልጅ «አማርኛ ይችላል» ተብሎ ያለ አስተርጓሚ መጠየቁ ስህተት ነው፤ ኳስ ለመጫወት የሚበቃ አማርኛ አባቱ እንዴት እንደተወሰደ ለመናገር አይበቃም። አስተርጓሚው ልጁን ያመጣው ሰው መሆንም የለበትም፤ ያ ሰው ደላላ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜው እንዴት ይታወቃል?

ይህ ጥያቄ ብዙ ቦታ የሚይዘው የሌላው ሁሉ መሠረት ስለሆነ ነው። ከ18 ዓመት በታች ተብሎ የተመዘገበ ልጅ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ይመደብለታል፣ ማደሪያው ከአዋቂዎች ይለያል፣ ወላጆቹ ይፈለጉለታል። አዋቂ ተብሎ የተመዘገበው ግን ከማያውቃቸው ጎልማሶች ጋር ተሰልፎ የራሱን ጉዳይ ራሱ ይጨርሳል።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ1997 ዓ.ም. ባወጣው ስድስተኛው አጠቃላይ አስተያየት ዕድሜ በመልክና በቁመት ብቻ እንዳይወሰን፣ የአእምሮ ብስለትም እንዲታይ፣ ጥርጣሬ በቀረ ጊዜም ልጁ እንደ ሕፃን እንዲቆጠር መክሯል። የእጅ አንጓ ራጅ በአንዳንድ አገሮች ይሠራበታል፤ የአጥንት እድገት ከልጅ ልጅ ስለሚለያይና በምግብ እጥረትም ስለሚዛባ በ17 እና በ19 ዓመት መካከል ያለውን ልዩነት በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

በአዲስ አበባ ግን ከራጁ በፊት ሌላ ችግር አለ፤ እርሱም የዘመን አቆጣጠር ነው። ኤርትራ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳንና ሶማሊያ በመንግሥት ሥራቸው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ሲጠቀሙ የእኛ መዝገብ በራሳችን አቆጣጠር ይሞላል። አንድ ኤርትራዊ ልጅ «በ2009 ተወለድኩ» ሲል በአውሮፓውያኑ ማለቱ ነው፤ መዝጋቢው ቁጥሩን እንዳለ በኢትዮጵያ ቅጽ ላይ ካሰፈረው ልጁ በመዝገብ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያንሳል። በተቃራኒው፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር የተነገረው ዓመት እንደ አውሮፓውያን ተቆጥሮ ከተመዘገበ በዚያው ልክ ትልቅ ይሆናል። ስህተቱ ከዓመታት በኋላ ሲገኝ ደግሞ «ዕድሜውን ዋሽቷል» የሚለው ቃል የሚሰጠው ለልጁ እንጂ ለጸሐፊው አይደለም። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፎ ማረጋገጥ አምስት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው፤ በአጠገቡ ያለ አዋቂ ሁሉ ይህንን ሊያደርግለት ይችላል።

የልደት የምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ በዚህ ምክንያት ሊቀጣ አይገባም። በኢትዮጵያ የሚወለዱ የስደተኞች ልጆች በወሳኝ ኩነት መዝገብ መመዝገብ የጀመሩት አዋጅ ቁጥር 760/2004 በ2009 ዓ.ም. ከተሻሻለ ወዲህ ነው፤ ከውጭ የመጡት ወረቀት ባይኖራቸው የሚያስገርም ነገር የለም።

በልጁ ስም የሚወስነው ማን ነው?

በእኔ እይታ የአሠራሩ ትልቁ ክፍተት ያለው እዚህ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ራሱን የሚመለከተውን ጉዳይ የሚጠብቅለት አሳዳሪ፣ ንብረቱንና ሕጋዊ ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት ሞግዚት ሊኖረው ይገባል፤ ወላጆች ከሌሉ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌለም በፍርድ ቤት የሚሾም ሰው ይህን ቦታ ይይዛል። ብቻውን የመጣ ስደተኛ ሕፃን ግን በተግባር የሚኖረው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው ልጁን ይጎበኛል፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ ለድጋፍ ያገናኛል፤ በሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ለመፈረም፣ በትምህርት ቤት እንደ ወላጅ ለመቆም ወይም በቃለ መጠይቅ ላይ ልጁን ወክሎ ለመናገር ግን የፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተቋም በየበኩሉ «ኃላፊው ይምጣ» ይላል፤ ኃላፊ የለም።

ለከባድ ውሳኔዎች፣ ለምሳሌ ልጁን ከቤተሰቡ ጋር ለማገናኘት፣ በአደራ ቤተሰብ ዘንድ ለማኖር ወይም ወደ ሦስተኛ አገር ለመላክ፣ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት የልጁን የተሻለ ጥቅም የሚያጠና ሥርዓት አለው። ባለሙያዎች የልጁን ታሪክ፣ ፍላጎትና አደጋ መርምረው በጋራ ይወስናሉ። ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ ሆኖም በአንድ ቀን ስለሚሰጥ ውሳኔ እንጂ ልጁን በየዕለቱ ስለሚወክል ሰው አይደለም። አንድን ልጅ ለረጅም ጊዜ የያዙ ከሆነ በፌዴራል ፍርድ ቤት አሳዳሪነት እንዲሾምለት ማመልከት እንደሚቻል የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ከሚጠየቁት አንዱ ነው።

ወደ ካምፕ ይወሰዳል ወይስ በከተማ ይቆያል?

አዋጁ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ ነፃነትን ቢቀበልም መሥሪያ ቤቱ ስደተኞች የሚኖሩበትን ቦታ እንዲያመቻች ሥልጣን ሰጥቶታል፤ በመሆኑም አብዛኛው ስደተኛ እስካሁን በመጠለያ ጣቢያ ይኖራል፤ ከዚያ ለመውጣትም ይለፍ ያስፈልገዋል። በጋምቤላ ጣቢያዎች ብቻቸውን የመጡ የደቡብ ሱዳን ሕፃናት በአብዛኛው ከዘመድ ወይም ከአንድ ማኅበረሰብ ከሆነ የአደራ ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ። በትግራይ በነበሩት ሕጻጽ፣ ሽመልባ፣ ማይ ዓይኒና ዓዲ ሓሩሽ ጣቢያዎች የነበሩት ኤርትራውያን ሕፃናት በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲበተኑ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ገቡ። ሕጻጽና ሽመልባ ወድመዋል።

በከተማው ውስጥ አራትና አምስት ልጆች አንድ ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ ማየት የተለመደ ነው። ኪራዩን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው፤ ያ ገንዘብ የቆመ ዕለት ልጆቹ ጎዳና ላይ ናቸው። በካዛንቺስና በፒያሳ በኮሪደር ልማት ምክንያት ሠፈሮች ሲፈርሱ ውል ያልነበራቸው ተከራዮች በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ አድራሻው የጠፋበት ልጅ ደግሞ ለቀጠሮ ሲፈለግ አይገኝም፤ ፋይሉም «አልቀረበም» ተብሎ ይዘጋል። አከራይ ከሆኑ ልጆቹ ሲለቁ አዲሱን አድራሻቸውን ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው እንዲያሳውቁ ያስታውሷቸው።

ሊታሰር ወይም ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል?

በሕግ ደረጃ መልሱ ግልጽ ነው። ማንም ሰው ለሕይወቱ ወይም ለነፃነቱ ወደሚያሰጋው አገር እንዳይመለስ አዋጁም የ1961 ዓ.ም. የአፍሪካ ስምምነትም ይከለክላሉ፤ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 37 ሕፃንን ማሰር የመጨረሻ አማራጭና እጅግ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲሆን ያዛል፤ በሕግ ጥላ ሥር የዋሉ ሕፃናትም ከአዋቂዎች ተለይተው መያዝ አለባቸው።

ተግባሩ ከዚህ የራቀባቸው ጊዜያት አሉ፤ መደበቅም አይገባም። በጥር 2012 ዓ.ም. መንግሥት ኤርትራውያንን በጅምላ መቀበሉን አቁሞ በድንበር ላይ ሲመርጥ ብቻቸውን የመጡ ሕፃናት ከማይመዘገቡት ወገን መሆናቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያው ዓመት ሚያዝያ አስታውቋል፤ ይኸውም በሕጉ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገባቸው ሰዎች በመጀመሪያ የተገፉበት ውሳኔ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ከኢትዮጵያ መባረራቸውን ተቃውመው መግለጫ አውጥተዋል። አንድ ልጅ ከተያዘ ሳይውል ሳያድር ለስደተኞች መሥሪያ ቤት፣ ለከፍተኛ ኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤትና ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያሳውቁ፤ ልጁ የት ጣቢያ፣ በስንት ሰዓት እንደተወሰደ በጽሑፍ ይያዙ።

በቤቴ ባሳድረው ወንጀል ይሆንብኛል? ሥራ ብሰጠውስ?

ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ማዘዋወርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ዓላማው በሰው ስደት የሚነግዱትን መያዝ ነው፤ የተራበን ልጅ ማስጠጋት ከዚያ የተለየ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ልጁን ለማንም ሳያሳውቁ ለወራት መያዝ ለእርስዎ ጥርጣሬ፣ ለልጁም አደጋ ያመጣል፤ ስለዚህ ለወረዳው በደብዳቤ አሳውቀው የደረሰበትን ቅጂ ያስቀሩ።

ሥራን በሚመለከት፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትንም በአደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቅድም። የቤት ሠራተኝነት ከዚህ አዋጅ ውጭ መሆኑ ለሴት ልጆች ጉድጓድ ሆኗል። «እንደ ልጃችን ነው የያዝናት» የሚባልላት ልጅ ትምህርት ቤት የማትሄድ፣ ደመወዝ የማይከፈላትና ከማለዳ እስከ ሌሊት የምትሠራ ከሆነ ሁኔታዋ የጉልበት ብዝበዛ ነው፤ ለወረዳው ወይም በፖሊስ ጣቢያ ላለው የሕፃናት ጥበቃ ክፍል ሊነገር ይገባል።

ትምህርት ቤት መግባት ይችላል?

አዎን። ኢትዮጵያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1951ዱን የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን የሚመለከተውን ንዑስ አንቀጽ እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ እንደማትወስደው አስመዝግባ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ግን ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች በቅድመ አንደኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያውያን እኩል እንዲስተናገዱ ደንግጓል። ርእሰ መምህሩ የወላጅ ፊርማ ወይም የቀድሞ ትምህርት ማስረጃ ከጠየቀ፣ ከስደተኞች መሥሪያ ቤት ወይም ከአጋር ድርጅት የሚሰጥ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መቅረብና የክፍል መመደቢያ ፈተና እንዲሰጠው መጠየቅ ይሻላል።

ወላጆቹን የሚፈልግለት ማን ነው?

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት በነፃ ይሰጣሉ። የማኅበሩ ዋና መሥሪያ ቤት በስታዲየም አካባቢ ነው። ፍለጋው የሚካሄደው በልጁ ፈቃድ ሲሆን መረጃው በምስጢር ይያዛል። መልስ እስኪመጣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ስለሚወስድ ልጁ ስልክ ቁጥር ሲቀይር ማሳወቅ አለበት። ወላጆቹ ተገኝተውም ወደ እነርሱ መመለሱ ለልጁ የማይበጅበት ጊዜ አለ፤ ያን የሚወስነው ከላይ የተጠቀሰው የልጁን ጥቅም የሚያጠናው ሥርዓት ነው።

በጉዲፈቻ ልወስደው እችላለሁ?

ወላጆቹ ሊገኙ የሚችሉበት ተስፋ እያለ ጉዲፈቻ አይታሰብም፤ በጦርነትና በስደት መካከል የተለያየን ልጅ ወላጅ አልባ ብሎ መደምደም አይቻልምና። በአደራ ቤተሰብነት መያዝ ግን ሌላ ነው፤ ልጁ ቤተሰቡ ሲገኝ ሊመለስ የሚችልበት ጊዜያዊ እንክብካቤ ነው። ልጁን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንወስዳለን የሚሉ ሰዎች ካጋጠሙ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1070/2010 ለውጭ አገር ዜጎች የሚሰጥ ጉዲፈቻን እንደከለከለ ይንገሯቸው።

18 ዓመት ሲሞላው ምን ይሆናል?

ጥገኝነቱ አይቋረጥም፤ ለሕፃን የሚሰጠው ክትትል ግን ይቆማል። ትናንት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ይከታተለው የነበረ ልጅ ዛሬ ኪራዩን፣ መታወቂያውንና ቀጠሮውን ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ 17 ዓመት እንደሞላው የመታወቂያ እድሳት፣ የሙያ ሥልጠናና የመኖሪያ ጉዳዮች ከሠራተኛው ጋር አስቀድመው እንዲጀመሩ መጠየቅ ይገባል።

ወደ አውሮፓ የሄዱ እኅት ወይም ወንድም ላሏቸው ቤተሰቦችም ቀኑ ትርጉም አለው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በአውሮፓውያን ሚያዝያ 2018 በሰጠው ውሳኔ፣ ብቻዋን ኔዘርላንድስ ገብታ ጉዳይዋ በመታየት ላይ እያለ 18 ዓመት የሞላት ኤርትራዊት ወላጆቿን የማስመጣት መብቷን በዚያ ምክንያት እንደማታጣ ወስኗል። ሆኖም ጥያቄው ጥገኝነት ከተሰጠ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ እዚህ አዲስ አበባ ያሉ ወላጆች ሰነዳቸውን ሳይዘገዩ ቢያዘጋጁ ይጠቅማቸዋል።

ማመልከቻው ውድቅ ቢደረግ ወይም መልስ ቢዘገይስ?

ውሳኔው ምክንያቱን ጨምሮ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቁ። አዋጁ ለይግባኝ ሰሚ አካል አቤት ለማለት መንገድ ይከፍታል፤ የይግባኙ ቀነ ገደብ አጭር ስለሆነ ውሳኔው በደረሰበት ቀን ላይ ፈርሞ ቀኑን መመዝገብ ያስፈልጋል። መልስ ለዘገየበት ልጅ ደግሞ ያመለከተበት ማስረጃ ወረቀት ዋናው ጥበቃው ነው፤ ዋናውን በቤት አስቀምጦ ቅጂውን ይዞ ይንቀሳቀስ፤ ጊዜው ከማለፉ በፊትም ያሳድስ።